ከግድቡ ወዲህ
ክፍል 6፦ የታኅሣሥ 27 ወንበር

ባለፈው ሳምንት፦ ሲስተር ሰናይት በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ የተፈናቃዮች ካምፕ ከሆላንዳዊው ዶክተር ጋር የበዓል ፈቃድ ተለዋወጠች። እሱ የፈረንጅ ገናን አገሩ ውሎ ታኅሣሥ 25 ሊመለስ፣ እሷም ታኅሣሥ 27 በሚነሳው የእርዳታ አውሮፕላን ወጥታ ገናን ደብረ ብርሃን፣ እናቷ ቤት ልትውል ተስማሙ።

የፈረንጅ ገና ዋዜማ ምሽት ካምፑ በከበሮ ተናወጠ። ኑዌሮች ገናን ቁጭ ብለው አያከብሩም። ወጣቶቹ መስቀልና ባንዲራ ይዘው፣ እየዘመሩ ካምፑን በከበበው ግድብ ላይ ይተማሉ። ከግድቡ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ውሃ ነው። በ2013 ክረምት የሞላው ጎርፍ በጋው ገብቶም አልጎደለም። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ውሃ ያዩት ከ60 ዓመት በፊት ነው ይላሉ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጭቃ ግድብ ታጥሮ ይኖራል፤ ፓምፖቹ ሌት ተቀን ያጓራሉ፤ መንደራቸው የሰመጠባቸው ቤተሰቦች ዛሬም በታንኳ እየመጡ ነው። የሚበሉት ያጡ ሴቶች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው የውሃ አበባ ይለቅማሉ።

በኮምፓውንዱ ፍየል ታርዷል። የጠበሰው ኡጋንዳዊው አስተባባሪ ራሱ ነው። የሰናይትን ሳህን ሲያይ ምስር ብቻ ሆነበት።

«ዛሬ እንኳ? ገና እኮ ነው!»

«የእናንተ ገና ነው። የእኔ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ እስከዚያ ጾም ነው።»

ሳቀና የፍየሉን ጎድን ለሾፌሩ ሰጠው።

ከአገሩ ውጭ ለሠራ ሐበሻ ይኼ አዲስ አይደለም። ሰው ሲያከብር ትጾማለህ፤ አንተ ስታከብር ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው። የፈቃድ ሰሌዳ የሚያወጣውም ሰው የሚያውቀው የራሱን ገና ነው። ሰናይት ታኅሣሥ 27ን ያገኘችው ለዶክተሩ ሙሉ የበዓል ሰሞን ለቅቃ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ዋጋው ተወዷል፤ እሷ ግን አልተከራከረችም።

ታኅሣሥ 20 ኔትወርክ ሲመለስ እናቷ ደወሉ።

«በጉን ገዛሁ። የመንዝ ነው፣ ላቱ ይኼን ያህላል!» አሉ፣ በስልክ እንደማይታይ ረስተው። «ዘንድሮ ዓርብ ነው የሚውለው፤ ቢሆንም ይበላል፣ አባን ጠይቄያለሁ። እንግዶቼም አሉ።»

እንግዶቻቸው በኅዳሩ ጦርነት ከወሎ ሸሽተው ደብረ ብርሃን የገቡ አንዲት እናትና ሦስት ልጆቿ ናቸው። መንገዱ ተከፍቶ ብዙ ሰው ወደ ቀዬው መመለስ ጀምሯል፤ እነዚህ ግን የሚገቡበት ቤት አልተረፋቸውም።

«እማዬ፣ ጠቧችሁ ይሆናል።»

«አንቺ የሰው አገር ተፈናቃይ ታስታምሚያለሽ፣ እኔ ያገሬን። ደሞዙ ግን ላንቺ ነው የሚከፈለው» ብለው ሳቁ።

ሰናይት መሳቅ አቃታት። በዚያ ዓመት በውጭ የእርዳታ ሥራ ላይ የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህ ጥያቄ ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ከእናቷ በቀር ግን በሳቅ የጠየቃት አልነበረም። በሬዲዮ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጠርተዋል። ጥሪው የዋሽንግተንና የለንደን ሰው ታስቦ የተጠራ ይመስላል። ከጁባ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ጭንቁ ከቤንቲዩ ጁባ መድረሱ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 24 ከዶክተሩ መልእክት መጣ። ኦሚክሮን ይዞታል። ሆላንድ በሯን ዘግታለች፣ በረራው ተሰርዟል፣ ቢያንስ እስከ ጥር መጀመሪያ አይመጣም። ይቅርታ ጠይቋል። ከሥሩ የገና ዛፍ ምስል ነበር፤ ሳያስበው የላከው መሆን አለበት።

አስተባባሪው ሰናይትን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። «ቅሪ አልልሽም። ተራሽ ነው። ግን ከሄድሽ የሕሙማን ክፍሉ በኛማል እጅ ብቻ ነው የሚቀረው።»

በዚያን ሰሞን ክፍሉን የሞላው የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹ ሄፓታይተስ ኢ የሚሉት። የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውሃ ነው። ለእንዲህ ያለ ካምፕ የወጣው ደንብ አንድ መጸዳጃ ለ20 ሰው ይላል፤ ቤንቲዩ ላይ ግን ጉድጓዶቹ ሞልተው ጎርፉ ውስጥ ይፈሱ ነበር። ጎልማሳው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ ሰንብቶ ይድናል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ከያዛት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከመቶ እስከ 25 የሚሆኑት ይሞታሉ። ለይቶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጉሉኮስ ትሰቅላለህ፣ ደም እንዳይፈስ ትጠብቃለህ። ክትባቱ ቻይና ውስጥ ከተፈቀደ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ቤንቲዩ የገባው በመጋቢት 2014 ነው፤ በወረርሽኝ መሐል ሲሰጥ በዓለም የመጀመሪያው። ለዚህ ታሪክ ሁለት ወር ዘገየ።

ኛማል አዋላጅ ናት። ያደገችው ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ስለሆነ አማርኛውን ከእኛ እኩል ትናገረዋለች። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

«ሂጂ» አለቻት በዚያው ማታ። «ኢታንግ እያለሁ የሐበሾቹን ዶሮ በልቻለሁ፤ በዚያ ቀን እናት ብቻዋን አትቀመጥም።»

«አንቺስ? ምግብ እኮ አትበዪም።»

«ልጄ ምርጫ ያበዛል።»

በጉዞዋ ዋዜማ ሰናይት የመድኃኒት ማዘዣ ስትጽፍ አመሸች። ዶክተሩ ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ማኅተሙን ለእሷ ትቶላት ነበር፤ የመጨረሻውን ወረቀት መትታ፣ ማኅተሙን ጠዋት ለአስተባባሪው ላስረክብ ብላ ተኛች።

ጠዋት ግን ሁሉም ጥድፊያ ሆነ። መኪናው ቀድሞ መጣ። ሻንጣው ከተፈቀደው 20 ኪሎ በለጠና ለእናቷ የገዛችው ብርድ ልብስ ወጥቶ በእጅ ተያዘ። ኛማል ልሸኝሽ ብላ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከኋላ ገባች።

የሩብኮና አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያውን በግድብ የተከበበ የአፈር ሜዳ ነው። ግድቡ ባይኖር አውሮፕላን የሚያርፍበት ደረቅ መሬት አይኖርም። ትንሿ ሴስና አርፋ ዕቃ እያወረደች ነበር። ሰናይት ልትስማት ስትጠጋ ኛማል ፊቷን አዞረች።

«መነጽሩን አውልቂ።»

«ፀሐይ ነው።»

«ኛማል፣ አውልቂው።»

አወለቀችው። በድንኳኑ ሰማያዊ ሸራ ሥር የሰው መልክ ሁሉ አንድ ነው፤ ማታም በአምፖል ብርሃን ቢጫ ነገር አይለይም። እዚህ፣ ቀትር ላይ፣ የዓይኗ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ታየ።

«ሽንትሽ ከጠቆረ ስንት ቀን ሆነው?»

«አራት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትቀሪ ነበራ።»

የካምፑ ሆስፒታል ማዋለድ ይችላል። ጉበቷ ከደከመና ደሟ አልረጋ ካለ ግን ብዙ ደም ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ጁባ መድረስ አለባት። ሰናይት ሻንጣዋን ከጋሪው ላይ አወረደች። ስም ዝርዝር ወደያዘው ሠራተኛ ሄዳ የእኔን ሰርዘህ የእሷን ጻፍ አለችው።

ልጁ አልተቆጣም። ኛማልን ከእግር እስከ ራሷ አየ።

«ስሙን እቀይራለሁ፤ ሠራተኛ ናት፣ መታወቂያ አላት። ግን ስምንት ወር ከሆናት መብረር ትችላለች የሚል የሐኪም ወረቀት እፈልጋለሁ። ፊርማና ማኅተም ያለው።»

«እኔ እጽፍልሃለሁ።»

«ሲስተር፣ የሐኪም ነው ያልኩሽ።»

ሐኪሟ አምስተርዳም ተኝቷል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። የሆስፒታሉን ሐኪም አምጥቶ ለመመለስ በግድቡ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባዶ ወንበር ያለው ቀጣዩ በረራ ሰኞ፣ ጥር 2 ነው። ከዚያ በፊት ገና አለ፤ ከገናም በፊት ኛማል የምታድራቸው ሌሊቶች አሉ።

«መብረር ትችላለች?» አላት ሊሸኛት የመጣው አስተባባሪ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

ሰናይት መልስ አልሰጠችውም። የምታውቀው እዚህ ብትቀር የሚሆነውን ነው፤ አየር ላይ የሚሆነውን አታውቅም።

የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። የድርጅቱ አርማ ያለበት ባዶ ወረቀት አገኘች። ከሥሩ፣ ጠዋት በጥድፊያ ሳታስረክበው የቀረው የዶክተሩ ማኅተም ነበር።

አውሮፕላኑ ሊነሳ 12 ደቂቃ ቀርቶታል።

(ሳምንት ይቀጥላል)