ተሠርቶ ያለቀ ኮምፒዩተር መግዛት ይሻላልን፥ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ መግጠም?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ «ለቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል» የሚለው ጉዳይ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የእራት ሰዓት ጨዋታ ሆኗል። አባት ኪሳቸውን ይዳስሳሉ፤ እናት የዕቁቡ ዕጣ መቼ እንደሚደርሳቸው ያሰላሉ፤ ልጅ ደግሞ ከጓደኛው የሰማውን ይዞ «ከተሠራው ይልቅ ዕቃውን ገዝተን ብንገጥመው ይረክሳል» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ የልጁ አሳብ በምን ጊዜ እውነት፥ በምን ጊዜ ደግሞ ስሕተት እንደሚሆን ነው። የዕቁብ ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ አይወጣምና ነገሩ እንደ ጨዋታ የሚታለፍ አይደለም። ስለ ላፕቶፕ አልናገርም፤ የምናገረው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። እርሱ በእኩል ገንዘብ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ከክፍሎቹም አንዱ ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ለውጦ ሌላውን ማቈየት ይቻላል።

ክርክሩ ከግል ኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ አገር ለገበያ የቀረበው «አልቴር 8800» የተባለው መሣሪያ ዕቃው ተበትኖ በሣጥን ይሸጥ ነበር። ገዥው ራሱ እየበየደ ይገጥመዋል፤ ድካሙን ያልፈለገ ሰው ደግሞ ገንዘብ ጨምሮ የተገጠመውን ይወስዳል። አይ ቢ ኤም የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፥ የሥራ ማስኬጃውን ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ወስዶ ስለ ነበር፥ ሌሎችም ያንኑ ገዝተው ተመሳሳዩን ለመሥራት ቻሉ። በ1984 ማይክል ዴል የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ኮምፒዩተር እያሻሻለ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናነበው «ዴል» የሚለው ስም የእርሱ ነው። ከዚያም በ1995 ኢንቴል «ኤ ቲ ኤክስ» የሚባለውን ልክ አወጣ። ይኸውም የማዘርቦርዱ ስፋት፥ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ፥ የኤሌክትሪክ መሰኪያው ቅርጽ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያዝዝ ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ፋብሪካ የሠራው ማዘርቦርድ ሌላው ፋብሪካ በሠራው ሣጥን ውስጥ ያለ መዶሻና ያለ ሞረድ ልክ ብሎ ይገባል። ይህን «ልክ» የሚለውን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የኮምፒዩተርን ክፍሎች ለማያውቁ ወላጆቻችን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ ፕሮሰሰር የሚባለው አስሊው ነው። ራም እንደ ክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው፥ ዳሩ ግን መብራት ሲጠፋ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ዲስክ እንደ ደብተር ነው፤ የተጻፈበትን ያቈያል። ማዘርቦርድ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ ሰሌዳ ሲሆን፥ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ ሊችሉት ወደሚገባው ልክ ዝቅ አድርጎ ያድላቸዋል። ሌላው ሣጥንና ማራገቢያ ነው።

እንግዲህ ለየብቻ ገዝቶ መግጠም የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይገዛል፤ ለማይፈልገው አይከፍልም፤ ደግሞም የገጠመውን ያውቀዋል። ሥራውም የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ መፍቻ፥ ንጹሕ ጠረጴዛና ትዕግሥት ያለው ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል። ከሰውነት የሚወጣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ዕቃውን እንዳይጎዳው እጅን አስቀድሞ በሣጥኑ ብረት ላይ ማሳረፍ፥ በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የሚቀባውንም የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከአተር ፍሬ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ መሰካትና ማሰር ነው።

ዳሩ ግን በእኛ አገር ነገሩ ከገበያው ላይ ሲደርስ ይለወጣል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ዕቃውን በብዙ ሺሕ ስለሚገዙ በርካሽ ያገኙታል፤ እኛ ግን አንድ ማዘርቦርድ፥ አንድ ራም እያልን ከመርካቶና ከቦሌ ሱቆች ስንለቅም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የአስመጪውን፥ የቀረጡንና የቸርቻሪውን ድርሻ እንከፍላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወዷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አእምሮ ሥራ የሚገነቡት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች ራምን ስለ ተሻሙት ዋጋው በዓለም ሁሉ ናረ። (ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ስለዚህ ነው። መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ይታተማል፤ ዋጋው ግን ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አይታገሥም።) ከዚህም በላይ በገጠሙት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ዊንዶውስ ለብቻው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ካልሆነም በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ መልመድ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ ወጥመዶችም አሉበት። ለምሳሌ በኢንቴል ፕሮሰሰር ቍጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ፥ ያ ፕሮሰሰር ሥዕል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል የለውም ማለት ነው። ዋጋው ቀነስ ስለሚል ደስ ብሎት የገዛ ሰው ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልጨመረ በቀር ጥቁር ስክሪን ተመልክቶ ይቀራል። ዲ ዲ አር 4 የተባለው ራም ለዲ ዲ አር 5 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይሰካም፤ ጥርሱ የተሠነጠቀበት ቦታ ይለያያል። ሌላው ደግሞ ይብሳል። የኢንቴል 7ኛና 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች መልካቸውና የመቀመጫ ነጥባቸው ቍጥር አንድ ዓይነት ሲሆን፥ 8ኛው ለ7ኛው በተሠራው ማዘርቦርድ ላይ ቢያስቀምጡት አይሠራም። ሻጩ ዕቃውን አልመልስም ቢል ኪሳራው የገዥው ነው።

በሌላው በኩል በስሙ የታወቀውን አዲስ ኮምፒዩተር ከነካርቶኑ መግዛት አለ። ዋስትና አለው፥ አይደክምም፤ ለብዙዎቻችን ቤት ግን ዋጋው አይደረስም። ስለዚህ በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

በበኩሌ ገንዘቡ ጠባብ ለሆነ ቤተ ሰብ የሚሻለው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ይመስለኛል፤ ይኸውም ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ገዝቶ፥ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን ራስ ማደስ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን በጥቂት ዓመታት ይለውጣሉ፤ የሚጥሉትም አርጅቶ ሳይሆን የተወሰነለት ዘመን ስላለቀ ብቻ ነው። የዴል «ኦፕቲፕሌክስ»፥ የኤች ፒ «ኤሊትዴስክ»፥ የሌኖቮ «ቲንክሴንተር» የሚባሉት፥ አንዳንዶቹም በዱባይ በኩል፥ ወደ ገበያችን የሚመጡት እንዲህ ነው። ዕቃቸው ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ታስቦ የተሠራ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው በማዘርቦርዱ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚመጣ ሌላ ወጪ አያስከትሉም።

ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ዓይን መክፈት ያስፈልጋል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ አባት «አዲስ የተገጣጠመ፥ አይ 7» ተብሎላቸው ጎኑ መስተዋት የሆነ፥ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኮምፒዩተር ገዝተው ነበር። ሲከፈት በውስጡ የተገኘው አይ 7-2600 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 2ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። ሣጥኑ ሙሽራ፥ ሆዱ አዛውንት! «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም። መታየት ያለበት ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ነው፤ አይ 5-8500 ቢል 8ኛ ትውልድ፥ አይ 3-12100 ቢል 12ኛ ትውልድ ማለት ነው። ይህ ታናሽ የሚመስለው አይ 3-12100 ያንን የ2011 አይ 7 በፍጥነት ብዙ ይበልጠዋል።

8ኛ ትውልድ የሚለው ወሰን በተለይ መታወስ አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ መሠረት የሚቀበለው፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ከዚያ በታች ያሉት በገበያ ላይ በጣም ረክሰው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ርካሽነታቸው መልካም ዕድል ነው፤ ዊንዶውስ ለሚፈልግ ግን አይደለም።

አሁን ወደ «ልክ» እንመለስ። እነዚህ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች በሦስት መጠን ይገኛሉ፤ እንደ ሻንጣ የቆመ ትልቅ፥ ቀጠን ያለ መካከለኛ፥ መጽሐፍ የሚያህል ትንሽ። ትንሹ ለዓይን ያምራል፥ ቦታም አይፈጅም፤ ነገር ግን ራሙ የላፕቶፕ ነው፥ ግራፊክስ ካርድ ለመጨመርም አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የለውም። መካከለኛው አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል። ከሁሉም ይልቅ ፋብሪካዎቹ በብዙዎቹ ላይ የኤ ቲ ኤክስን ልክ ትተው ለራሳቸው ብቻ የሚሆን የኤሌክትሪክ መሰኪያና የማዘርቦርድ ቅርጽ ሠርተዋል። ፓወር ሰፕላዩ ከተቃጠለ ከመንገድ ዳር ሱቅ የተገዛ ሌላ አይገባበትም፤ የዚያኑ ዓይነት መፈለግ ግዴታ ነው። ራስ የገጠሙት ኮምፒዩተር በእውነት የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላም ቢሆን ሣጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ሌላ ማዘርቦርድ ሊሸከሙ ይችላሉ። ስለዚህ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ትልቁን ቢመርጥ፥ ከተማችን ውስጥም በብዛት የሚገኘውን ዓይነት ቢወስድ መለዋወጫ አይቸግረውም።

ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ማደሱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዲስኩ ይለወጥ። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ በደቂቃ 7200 ጊዜ ቢዞር እንኳ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ8 ሺሕኛ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ይህ ለሰው ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚያነብ መጠበቁ ተደማምሮ ደቂቃ ይሞላል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው ይህን መጠበቅ ከ10 እጅ በላይ ይቀንሰዋል። ትልቅ መሆን የለበትም፤ 256 ጊጋባይት ለተማሪ ይበቃል። ቀጥሎ ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ 16 ማድረስ ነው፤ በዚህም ጊዜ አንድ ነባር 8 ላይ ሌላ 8 ጨምሮ ሁለት ማድረጉ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ እንዲያነብ ያስችለዋል። በመጨረሻም አቧራውን በብሩሽ መጥረግና የደረቀውን ቅባት ማደስ። ይህን ሁሉ ያደረገ ልጅ ከመግጠም የሚገኘውን ትምህርት አብዛኛውን አግኝቷል፤ የአባቱንም ገንዘብ ለወጥመድ አላጋለጠም።

እርግጥ ነው፥ ከመጀመሪያው መግጠም የሚሻልበትም ጊዜ አለ። የሕንፃ ንድፍ ወይም የፊልም ሥራ የሚማር፥ ስለዚህም ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልገው ሰው በትልቅ ፓወር ሰፕላይ ቢገጥም ይሻለዋል። በውጭ አገር ዘመድ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ፕሮሰሰር ከክብሪት ሣጥን አይበልጥም፥ ራምም ከማስመሪያ ያንሳል፤ ለዕረፍት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ። ይሁን እንጂ ዋስትናቸው ባሕር ተሻግሮ እንደማይከተላቸው ይታወቅ።

በሱቁ ውስጥ ሳሉ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ሲበራ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፥ ኤች ፒ ከሆነ ኤፍ 10፥ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ወደ ውስጥ ይግቡ፤ የፕሮሰሰሩ እውነተኛ ስም እዚያ ተጽፏል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቆልፎታልና ሌላ ይምረጡ። ከኋላው ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ሳያዩ አይሰኩ፤ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነውና በ115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት በድንገት ሲሄድ የሚሠራው ሥራ እንዳይጠፋና ዲስኩ እንዳይጎዳ፥ ገንዘብ ሲገኝ ትንሽ ዩ ፒ ኤስ መጨመር ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ለጽሕፈትና ለጥናት ሲሠራ ከ100 ዋት ብዙም ስለማያልፍ ትንሹ ይበቃዋል። ስክሪን ሲገዙም የኮምፒዩተሩን የኋላ መሰኪያ አይተው ይሂዱ፤ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሲኖራቸው ኤች ዲ ኤም አይ የሌላቸው አሉና፥ ገመዱን ከዚያው ከሱቁ ሰክተው ሥዕል መውጣቱን ሳያዩ አይክፈሉ።