ስትሮጋኖፍ በነቀምቴ ምድጃ

የወጥ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን ወንዶች ተማሪዎች ጆሯችንን እንደፍናለን። «ወጥ የሴት ሥራ ነው» የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ከእኛ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ደብተር ታቅፎ ይመላለሳል። ስለዚህም ከቤተሰብ ርቀን ቤት ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ ከሁለት አንዱን እንመርጣለን፤ ወይ ያለችንን ገንዘብ በየምግብ ቤቱ ጨርሰን የወሩን መጨረሻ በደረቅ ዳቦ እንዘልቃለን፤ ወይ አብረውን የሚማሩትን እኅቶቻችንን፣ እነርሱም እንደኛ ፈተና ያለባቸው መሆናቸውን ረስተን፣ እናስቸግራለን። ሁለቱም አያኮራም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አንድ ቀላል ምግብ ነው። ስሙ የባዕድ ነው፤ ስትሮጋኖፍ ይባላል። ስሙን ያገኘው ስትሮጋኖፍ ከሚባለው የታወቀ የሩሲያ መኳንንት ቤተሰብ ነው። ኤሌና ሞሎኮቬትስ የተባለች ሩሲያዊት ለወጣት ባለትዳር ሴቶች ባዘጋጀችው የምግብ መጽሐፍ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1871 እትም ላይ ይህ ምግብ ተጽፎ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ዋና ነገሮቹ የበሬ ሥጋ፣ ሰናፍጭና የኮመጠጠ የወተት ስልባቦት ነበሩ። ሽንኩርትም እንጉዳይም አልነበረበትም። ሽንኩርቱና እንጉዳዩ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። አሜሪካኖች ደግሞ በ1950ዎቹ ዓመታት የቆርቆሮ የእንጉዳይ ሾርባ እያፈሰሱበት ከፓስታ ጋር ይበሉት ጀመር። እንግዲህ ምግብም እንደ ሰው ነው፤ በደረሰበት አገር ያገሩን ልብስ ይለብሳል።

ታዲያ ይህ የሩሲያ መኳንንት ምግብ ለነቀምቴ ተማሪ ምን ያደርግለታል? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በወለጋ ገበያ አለ። የበሬ ሥጋ አለ፤ ሆሮ የሚባለው የታወቀ የከብት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከወለጋ ምድር ነው። ሰናፍጭ አለ፤ እናቶቻችን ለጾም የሚደቁሱት ያው ሰናፍጭ ነው። በኮመጠጠው ስልባቦት ፈንታ የኛው እርጎ አለ። በፓስታው ፈንታ ደግሞ ሩሲያም አሜሪካም የሌላቸው አንጮቴ አለ።

ለ4 ሰው የሚበቃውን እንዘርዝር። ግማሽ ኪሎ ለስላሳ የበሬ ሥጋ፣ ቢቻል ከሽንጥ፤ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፤ 3 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፤ ግማሽ ሊትር እርጎ፤ 1 የሻይ ማንኪያ የተደቆሰ ሰናፍጭ፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፤ እንዲሁም 1 ኪሎ አንጮቴ። እርጎው ወተቱ አስቀድሞ ፈልቶ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህ ምግብ እርጎው ከገባ በኋላ ስለማይፈላ፣ በጥሬ ወተት ውስጥ ያለ ተሕዋሲ ሳይሞት ሊቀር ይችላልና። የፈላ ወተት በራሱ በደንብ ስለማይረጋ፣ ለብ ሲል ጥቂት ከቀድሞው እርጎ ጠብ ያደርጉበታል።

ሥራው የሚጀመረው ከእርጎው ነው። እርጎውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ለ2 ሰዓት ያህል ማንጠልጠልና አጓቱን ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል። በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ወፍራም እርጎ ነው ለዚህ ወጥ የሚሆነው። እርጎው ሲንጠፈጠፍ አንጮቴውን በደንብ አጥቦ፣ ሳይልጡ ከነልጣጩ በውኃ መጣድ ነው። ሰዓት የሚፈጀው እርሱ ስለ ሆነ መቅደም አለበት።

ቀጥሎ ሥጋው ነው። ሥጋ ጠጋ ብለው ቢያዩት በአንድ አቅጣጫ የተኛ ክር አለው። ያንን ክር በመስቀለኛ እየቆረጡ ጣት በሚያህል ቀጭን ዝልዝል ማዘጋጀት ነው። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ ረጅም ክር ሆኖ ስለሚቀር ጥርስ ያደክማል፤ በመስቀለኛ የተቆረጠው ግን ክሩ አጭር ስለ ሆነ ቶሎ ይታኘካል። ከዚያ በኋላ ዝልዝሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን ነገር ብዙዎች ይንቁታል፤ ምክንያቱን ግን እንናገር።

ሥጋ ቡናማ ሆኖ የጥብስ መዓዛ የሚሰጠው ፊቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው። ውኃ ደግሞ ከሚፈላበት ዲግሪ በላይ አይግልም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውኃ በከተማችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እርጥብ ሥጋ ወይም ባንድ ጊዜ የተከመረ ሥጋ ከመጥበሻው ላይ ሲያርፍ ውኃውን ለቆ በዚያው ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ግራጫ ሆኖ ይጠነክራል። መድኃኒቱ ሥጋውን ማድረቅ፣ ቅቤውን በደንብ ማጋልና ሥጋውን በ3 ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ነው። የተነጠረ ቅቤ የተመረጠውም ውኃውና አተላው ስለወጣለት ቶሎ የማያርር በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዙር ቡናማ እንደ ሆነ ወደ ሳሕን ማውጣት ነው።

በዚያው መጥበሻ የቀረውን ቅቤ ጨምሮ በቀጭኑ የተከተፈውን ሽንኩርት በዝግታ ማቁላላት ነው። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ዱቄቱን ነስንሶ ለ2 ደቂቃ ያህል ማማሰል፤ ከዚያም አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ ከመጥበሻው ሥር የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማማሰያ ማላቀቅ ነው። የወጡ ጣዕም ያለው ከዚያ ላይ ስለ ሆነ፣ «አረረ» ብሎ አጥቦ የሚደፋው ሰው ከምግቡ ግማሹን ደፋ ማለት ነው። መረቁ ጥቂት ደቂቃ ፈልቶ ሲወፍር ሥጋውን ከነለቀቀው መረቅ መመለስና ቀይ ነገር እስኪጠፋው ድረስ ማሞቅ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ ደርሰናል። በመጀመሪያው ሙከራችን እርጎውን ከነቅዝቃዜው በሚንተከተከው ወጥ ላይ ገለበጥነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወጡ ተቆራረጠ፤ ነጭ ፍርፋሪ በቢጫ ውኃ ላይ ይዋኝ ጀመር። ተያይተን ዝም አልን። በኋላ ነገሩን ስናስበው፣ የሆነው ምሥጢር አልነበረም። እናቶቻችን አሬራውን በእሳት አሙቀው አይብ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። በእርጎ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በኮምጣጣነቱ ምክንያት አስቀድሞ ተሰባስቧል፤ ኃይለኛ ሙቀት ሲጨመርበት እየተጨማደደ አጓቱን ይተፋል። እኛም ስትሮጋኖፍ እንሠራለን ብለን አይብ ሠራን ማለት ነው! አይብ መልካም ነገር ነው፤ ቦታው ግን እዚያ አልነበረም።

የሩሲያው ስልባቦት ቅባቱ ብዙ ስለ ሆነ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል። እርጎ ግን ቅባቱ አነስተኛ ስለ ሆነ 3 ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ በመረቁ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው፤ ስታርቹ በፕሮቲኑ መካከል እየገባ እንዳይጨማደድ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዶ መንተክተኩ እስኪቆም መታገሥ ነው። ሦስተኛ፣ የተንጠፈጠፈውን እርጎ በሳሕን መትቶ ከትኩሱ መረቅ በማንኪያ እየጨመሩ ቀስ በቀስ ማላመድ፣ ለብ ሲልም ወደ ድስቱ መመለስ ነው። ከዚህ በኋላ ማሞቅ ቢያስፈልግ በረመጥ ይሁን፤ ፈጽሞ እንዳይፈላ።

ሰናፍጩም የሚገባው በመጨረሻ ነው። ሰናፍጭ የሚያቃጥለው ተደቁሶ ውኃ ሲነካው ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ መለወስ አለበት። በፈላ ውኃ ቢለወስ ኃይሉ አይወጣም፤ በእሳት ላይ ቢቆይም ተኖ ይጠፋል። እንጉዳይን በተመለከተ የምንሰጠው ምክር አንድ ነው። በክረምት በየጫካው የሚበቅለውን፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ማንም አንሥቶ አይብላ። መርዘኛውና ደኅናው ይመሳሰላሉ፤ መርዙም ቢቀቀል የማይለቅ ዓይነት አለ። ለምግብ ተብሎ የተመረተ እንጉዳይ ከተገኘ ከሽንኩርቱ ጋር ይቁላላ፤ ካልተገኘም ምንም አይጎድልም። የ1871ዱም ስትሮጋኖፍ እንጉዳይ አልነበረውም።

በመጨረሻ አንጮቴው ነው። ቢላዋ በቀላሉ ሲገባለት አውጥቶ፣ ሲበርድ ልጦ፣ ከትፎ ወይም ደቁሶ፣ በጥቂት ትኩስ ቅቤና ጨው ማሸት፤ ሥጋውን ከነመረቁ በላዩ ማፍሰስ ነው። አንጮቴ የዱባና የቅል ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው፤ የሚበላው ሥሩ ሲሆን በይበልጥ የሚተከለው በወለጋና በአካባቢው በምዕራቡ አገር ነው። ለመስቀል ያለ እርሱ ገበታ አይሞላም። ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ከድንች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ የአያቶቻችን አስተያየት መሠረት አለው። እርግጥ አጥንት የተሰበረበት ሰው አንጮቴ በላሁ ብሎ ከሐኪም ቤት መቅረት የለበትም።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ጓደኛ ደግሞ ያንኑ አንጮቴ በዘይት በተቁላላ ሽንኩርትና በሰናፍጭ ማቅረብ ይቻላል። በአንድ ቤት የሚኖሩ የጾመና ያልጾመ፣ ከጊምቢ የመጣና ከደምቢ ዶሎ የመጣ፣ ከሻምቡ የመጣና ከሸዋ የመጣ ተማሪዎች ከአንድ ድንች ማሰሮ የማይለያዩት እንዲህ ሲተሳሰቡ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዱ ስትሮጋኖፍ ሲሉት «ሥልጣኔ» ይመስለዋል፤ አንጮቴ ሲሉት ግን «የገጠር ምግብ» ብሎ ያፍራል። በእንግዳ ፊት እንዳይቀርብም ይሸሽገዋል። ይህ ሰው ሁለቱንም አላወቃቸውም። ሩሲያዊቷ በመጽሐፏ ላይ የጻፈችው በቤቷ ያለውን ሥጋ፣ ሰናፍጭና ስልባቦት ነው። ያንን በመጻፏ ዓለም አወቀላት። የኛ እናቶች እርጎው በስንት ሙቀት አይብ እንደሚሆን በጣታቸው ያውቁታል፤ አንጮቴው ከነልጣጩ መቀቀል እንዳለበት ያውቃሉ፤ ነገር ግን ብዙው ሳይጻፍ አብሯቸው ይሄዳል። ጠይቀን የምንጽፈው እኛ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ወንድሞቻችን፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከማጀት በር ቆማችሁ «ምሳ ደረሰ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ። ግቡ፤ ሽንኩርቱን ላጡ፤ አንጮቴውን እጠቡ፤ እናታችሁ የምትነግራችሁንም በደብተር ጻፉ። ስትመለሱም ድስቱን በተራ እንጥዳለን። ሳሕኑንም በተራ እናጥባለን።