ዳይፐርና የሽንት ጨርቅ በቆላ ሙቀት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በገለጉም ሆነ በመተማ ዮሐንስ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። አዋቂው ልብሱን አቅልሎ ጥላ ይፈልጋል። ሕፃኑ ግን የታሰረለትን ይዞ ይውላል፤ የታሰረለት ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

የሱቁ ዳይፐር በጥቅሉ ሦስት ንብርብር ነው። ቆዳ የሚነካው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ስስ ሽፋን ሽንቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል እንጂ እሱ ራሱ አይጠጣም። መካከሉ ላይ የእንጨት ጭረትና ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ብናኝ አለ። ብናኙ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ሽንት መጥጦ ይረጋል፣ ቢጫኑትም በቀላሉ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህ ብናኝ ዳይፐር ውስጥ መግባቱ ለሕፃናት ቆዳ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለቆላ ሰው ግን ወሳኙ የውጭው ላስቲክ ይመስለኛል። አንዳንዱ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት እንፋሎት ያስወጣል፤ ድፍኑ ግን ላቡን አፍኖ ያስቀራል።

ቆዳውን የሚልጠው ሽንት ብቻ አይደለም። እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ መፋተግ ያቆስለዋል። ሰገራ ሲጨመርበት ባክቴሪያዎቹ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው፤ አሞኒያው ከፍ ሲያደርገው የሰገራ ኢንዛይሞች ቆዳውን ማጥቃት ይቀናቸዋል።

ለሽንት ጨርቅነት የሚቀደደው አሮጌ ነጠላ ለስላሳ ነው፣ አየርም ያስገባል። ጥጡ ራሱ ከሰሊጥና ከማሽላ ጋር በዚሁ ቆላ ይበቅላል። ጉድለቱ ሽንቱን እቆዳው ላይ ይዞ መቆየቱ ነው፤ እንደረጠበ ካልተቀየረ ከርካሽ ዳይፐር አይሻልም። እንዳያፈስ ተብሎ ከላዩ ላስቲክ ሲጠቀለልበት ደግሞ የጥጡ ጥቅም ሁሉ ይቀራል። በደንብ ያልታለቀለቀ የዱቄት ሳሙናም ቆዳ ያስቆጣል።

«ጨርቅ ይሻላል» የሚል ምክር ውኃ ይፈልጋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ለቆዩ እናቶች፣ ልብስ ማጠቢያ ውኃ ከመጠጥ ውኃ ጋር የሚሻማ ነገር ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ቅይጥ ነው፦ ቀን ላስቲክ የሌለው ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ እንፋሎት የሚያስወጣ ዳይፐር፣ በመሐል ደግሞ ጥላ ሥር ምንም ሳያስሩ ማቆየት። መቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልለቀቀ፣ ወይም እብጠት እብጠት ብሎ ወደ ብሽሽት እጥፋቶች ከገባ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።