ከሆድ ስብ የሚወሰድ ስቴም ሴል የደረቀ ምራቅን ይመልሳል?



ሰሞኑን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ክሊኒክ መጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ለጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና ወስደዋል። ካንሰሩ ጠፍቷል፤ ምራቃቸው ግን አልተመለሰም። "ልጄ፣ እንጀራ እንኳ አልወርድ ብሎኝ በውሃ እየገፋሁ ነው የምበላው" አሉኝ። ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ አንድ የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ አሳየኝ፦ ከራስዎ ስብ በሚወሰድ ስቴም ሴል ምራቅዎን እንመልሳለን ይላል። "ዶክተር፣ መኪናዬን ልሸጥ ነው፤ እውነት ነው ወይ?" አለኝ።

ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ስለምትኖሩ መልሱን እዚህም ላካፍላችሁ።

👉 ምራቅ ለምን ይደርቃል?

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ ምግብ ከማለስለስ ባለፈ ጥርስን ከመበስበስ፣ አፍን ከፈንገስ ይጠብቃል። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር በጨረር ሲታከም ጨረሩ እነሱንም ያገኛቸዋል። ምራቅ አመንጪዎቹ ሴሎች ይሞቱና ቦታቸውን ጠባሳ ይይዘዋል።

👉 ስብ ከምራቅ ጋር ምን አገናኘው?

በስባችን ውስጥ ስቴም ሴሎች አሉ። ከሆድ ትንሽ ስብ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል፤ ሴሎቹ ተለይተው በላብራቶሪ ይራባሉ፤ ከዚያም በአልትራሳውንድ እየታየ ከመንጋጋ ሥር ወዳለው ዕጢ በመርፌ ይሰጣሉ። ሴሎቹ አዲስ ዕጢ ሆነው ያድጋሉ ማለት ግን አይደለም። ይረዳሉ ተብሎ የሚታሰበው የተጎዳው ቦታ እንዲያገግምና የደም ሥር እንዲያድግ የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችን በመልቀቅ ነው።

👉 ታዲያ ይሠራል?

ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ያሉ ሐኪሞች 30 ሰዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ግማሾቹ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሴል፣ ግማሾቹ ሴል የሌለበት ፈሳሽ ተወጉ። ከ4 ወር በኋላ ሴል የወሰዱት ሰዎች ምራቅ በ50 በመቶ ገደማ ጨመረ። ደስ ይላል አይደል? ግን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የነበረው ጥቂት ጠብታ ከሆነ፣ የጥቂት ጠብታ ግማሽ ነው የተጨመረው።

ቀጥሎ 120 ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ በዚህኛው ሴሉ የተወሰደው ከጤነኛ ለጋሾች ነበር። ሴል የወሰዱትም ባዶ ፈሳሽ የተወጉትም ምራቃቸው ጨመረ፤ በሁለቱ መካከል ግን አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ ወጥቶ "ተወግቼ ተሻለኝ" ቢል ማስረጃ አይሆንም። ባዶ ፈሳሽ የተወጋውም እንደዚያው ሊል ይችላል።

በአጭሩ፣ ሳይንሱ እውነተኛ ነው፤ ተስፋም አለው፤ ነገር ግን ገና ጥናት ላይ ነው። ጥናት ላይ ያለን ነገር እንደ ተረጋገጠ ሕክምና በብዙ ብር የሚሸጥላችሁን ሰው ጠርጥሩ።

👉 እስከዚያው ምን እናድርግ?

✅ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጎንጨት ማለት፤ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ
✅ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና መጠቀም፤ የጥርስ ሐኪም ጋር በየጊዜው መታየት
✅ ጫት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና ከረሜላ መተው
✅ የምትወስዱትን መድኃኒት ለሐኪም ማሳየት፤ የአለርጂ መድኃኒቶችና አሚትሪፕትሊን አፍ ያደርቃሉ
✅ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ካልሞተ ፒሎካርፒን የሚባል ኪኒን ሊረዳ ይችላል፤ አስምና አንዳንድ የዓይን ሕመም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም
✅ ጨረር ገና ልትጀምሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጥርስ ሐኪም ጋር ሂዱ፤ "የምራቅ ዕጢዬን ማትረፍ ይቻላል?" ብላችሁም ሐኪማችሁን ጠይቁ

ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ "ወንድሜ፣ መኪናህን አትሽጥ። ይልቅ እሷው ላይ አድርገህ እናትህን ነገ ጥርስ ሐኪም ጋር ውሰዳቸው።" እሳቸውም የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ጎንጨት አድርገው "ይኸው ሰማህ!" አሉት።

የጨረር ሕክምና የወሰደ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ይህን ላኩላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!