መድኃኒቱ ከሕፃኑ ሳንባ እንዲደርስ

ለሕፃን መድኃኒት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ከሚፈለግበት ስፍራ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። አስም ለያዘው ልጅ ሐኪም የሚያዝዘው፥ በተለምዶ «ፓፍ» የምንለው መድኃኒት ከሽሮፕ ይልቅ ጥንቃቄን የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ሽሮፕ ሲዋጥ ይሠራል፤ ይህ ግን ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ካልወረደ ጥቅሙ እጅግ ያንሳል።

ዐዋቂ ሰው መሣሪያውን ሲጫን አብሮ ይስባል፥ ትንፋሹንም ይይዛል። የአንድ ዓመት ሕፃን ግን «ሳብ፥ ያዝ» ቢሉት ምን ያውቃል? በዚህ ምክንያት በመሣሪያውና በሕፃኑ ፊት መካከል ስፔሰር የሚባል ባዶ ቀፎ ከነጭምብሉ ይገባል። በቀፎው ውስጥ የመድኃኒቱ ፍጥነት ይበርዳል፤ ከባዱ ጠብታ በግድግዳው ላይ ሲቀር፥ ከአንድ ሚሊሜትር 200ኛ እጅ የማይበልጠውን ደቃቁን ሕፃኑ በየትንፋሹ ይስበዋል።

ስፔሰር መግዛት ለማይችሉ ቤተ ሰቦችም መላ ተገኝቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ዶክተር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፥ ከ5 እስከ 13 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በሚገባ የተዘጋጀ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ለሕፃን ግን ጭምብል ስለሚያስፈልግ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

ከሁሉ ይልቅ ለወላጆች ልናስገነዝብ የምንወደው የለቅሶን ነገር ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ አፉን ስለ ከፈተ መድኃኒቱ በደኅና የሚገባ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ በለቅሶ ጊዜ መድኃኒቱ በአፍና በጉሮሮ ቀርቶ ይዋጣል። እናት ሰጠሁት ትላለች፥ ሳንባው ግን አልተቀበለም። ጭምብሉ ከፊቱ ጥቂት ቢርቅም ጉዳቱ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ሕፃኑን በጭን አስቀምጦ ማባበል፤ ጭምብሉን አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሳያስጨንቁ መግጠም፤ መድኃኒቱን ነቅንቆ አንድ ጊዜ ብቻ መጫንና ከ5 እስከ 10 ትንፋሽ መቁጠር ይገባል። ሁለተኛ ከታዘዘ እንደ ገና ነቅንቆ መድገም ነው። ስፔሰሩም በሳሙና ውኃ ታጥቦ በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ ቢወለወል ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ አድሮበት መድኃኒቱን ይስባልና።

ትንፋሹ ከከበደ ግን ለቅሶው እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ መድኃኒቱን እየሰጡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለዚያ ቀን እንዲዘጋጅ፥ ሕፃኑ በደኅናው ጊዜ ጭምብሉን እንደ መጫወቻ ይልመደው። የለመደው ነገር አያስፈራውምና።