የአንዲት ክንፍ ስም

እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረውን እንስሳ እየመዘገቡ ሳለ፣ መንገድ ላይ መኪና የደፈጠጠው ወፍ አገኙ። ሬሳው በስብሷል፤ ደህና የቀረው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። እሱኑ ይዘው ሄዱ።

የወፉን ወገን መለየት አላስቸገረም። እንግሊዞች ናይትጃር ይሉታል። «ናይት» ሌሊት ነው። «ጃር» ግን እዚህ ላይ ማሰሮ አይደለም፤ ጆሮ የሚከረክር ድምፅ ነው፤ የአውሮፓው ናይትጃር ወንዱ በጨለማ ሳያቋርጥ የሚያሰማው። እኛ የሌሊት ወፍ ብለን እንዳንጠራው ስሙ ቀድሞ ለሌላ ፍጡር ተሰጥቷል። የላቲን ስሙ ካፕሪሙልገስ ደግሞ «ፍየል አላቢ» ማለት ነው። አርስቶትል ሳይቀር ወፉ ፍየል ይጠባል ብሎ ጽፏል። ምስኪኑ ወፍ ከብት ካለበት የማይጠፋው ነፍሳት ፍለጋ ነው፤ ሰፊ አፉን ከፍቶ እየበረረ ይለቅማቸዋል። ማታ መንገድ ላይ ማረፍ ይወዳል፤ በመኪና የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

የትኛው ናይትጃር ነው የሚለው ግን ከበደ። በክንፉ ላይ ያለው ነጣ ያለ ምልክት ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። አጥኚዎቹ፣ ኢትዮጵያዊው ጨመረ ዘውዴ ከመካከላቸው ናቸው፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው አሳተሙት። ስሙንም ሶላላ አሉት፦ በላቲን «ሶሉስ» ብቸኛ፣ «አላ» ክንፍ። ከያዙት ማስረጃ ቅንጣት ያልጨመሩበት በመሆኑ ይህን ስም እወደዋለሁ።

በ2009 አራት ወፍ ተመልካቾች ሌሊት በነጭ ሳር ሜዳ ባትሪ እያበሩ ሲፈልጉ ቆይተው አየነው አሉ። ወፉ ግን አልተያዘም። ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የሁለት ዝርያዎች ድቅል የሚል ጥያቄም ተነስቷል። በእጅ የሚጨበጠው ማስረጃ አሁንም ያቺው እንግሊዝ አገር ሙዚየም የተቀመጠች ክንፍ ናት።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ከገረሴ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ሜዳው ከደጁ ነው። በፓርኩ መንገዶች ላይ የሚገደሉትን ወፎች የሚሰበስብና ክንፋቸውን የሚያስተያይ ሰው ካለ፣ ሁለተኛው ሶላላ መገኘት ያለበት እዚያው ነው።