ተጨማሪ መረጃ፦ ጀማሪው ለምን አይመለስም?

ከዊኪፔዲያ በፊት ኑፔዲያ የተባለ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነበር። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው ምሁራን ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት የግምገማ ደረጃዎችን ማለፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲዘጋ ተገምግመው ያለቁት ጽሑፎች 30 እንኳ አይሞሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያ ግን ማንም ገብቶ እንዲጽፍ ስለፈቀደ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሺህ ጽሑፍ ደረሰ።

ሰው መሳብ አንድ ነገር ነው፤ ማቆየቱ ግን ይከብዳል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ንቁ አርታኢዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ከነካ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአቀባበል ጉዳይ ነው። አንዲት ተማሪ የከተማዋን የሕዝብ ቁጥር አስተካከለች እንበል። ምንጭ መጥቀስ እንዳለባት አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ እርማቷ ተሰርዞ፣ አጥፊዎችን ለመከላከል የተሠራ መሣሪያ ለሁሉም የሚልከው ደረቅ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። ደንቡ ልክ ነው፤ ምንጭ የሌለው ቁጥር መቆየት የለበትም። ልጅቷ ግን ለምን እንደተሰረዘባት የሚያስረዳት ሰው አላገኘችም።

ለዚህ መላ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሻይ ቤት» የተባለ ገጽ ተከፈተ። በዚያ ጀማሪዎች ይጠይቃሉ፤ ነባር አርታኢዎች ሳያንጓጥጡ ይመልሳሉ። ወደ ገጹ የተጋበዙ ጀማሪዎች ካልተጋበዙት ይልቅ በሥራው የመቀጠል ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።